አምፖሏን ከመጫናችን በፊት

ኮድ ጽፋችሁ የምታውቁ ሁሉ ይቺን አምፖል ታውቋታላችሁ። አንዱ መስመር ስር ቀይ ሰረዝ ይሰመርና ከግራ በኩል ትንሽዬ አምፖል ብቅ ትላለች። ስንጫናት «እንዲህ ላድርግላችሁ ወይስ እንዲያ?» ብላ ምርጫ ትደረድራለች። አንዱን እንመርጣለን፣ ቀዩ ይጠፋል፣ ደስ ይለናል፣ ወደሚቀጥለው መስመር እናልፋለን። ነገሩ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ሁለት ሰከንድ ነው። ቀዩን ማጥፋትና ችግሩን መፍታት ለየቅል ናቸው እንላለን። የመጀመሪያውን ኤዲተሩ ይችልበታል፤ ሁለተኛው ግን የኛው ስራ ነው። ፕሮግራመር ያልሆናችሁ አንባቢዎቻችንም ጥላችሁን እንዳትሄዱ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተ ጋ መድረሱ አይቀርም።

ነገሩ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው የጃቫ ቋንቋ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ፋይል መክፈት ፋይሉ ከሌለ ይከሽፋል። ከዳታቤዝ ጋር መነጋገርም ገመዱ ከተነቀለ ይከሽፋል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ኮድ ችግር ሲገጥመው «ኤክሰፕሽን» ይወረውራል፤ ሊወረውር እንደሚችልም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የሚያሳውቀው ከስሙ ጎን «ትሮውስ» የሚል ቃል ጽፎ ነው። ወደኛ አነጋገር ብንመልሰው «ይሄ ነገር ካልሆነልኝ ለጠራኝ እመልሳለሁ» እንደማለት ነው።

የጠራው ኮድ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። ወይ «ትራይ» እና «ካች» በሚባሉት ቃላት ችግሩን ራሱ ይቀበላል፣ ወይ እሱም በተራው «ትሮውስ» ብሎ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ሁለቱንም ካላደረገ ኮምፓይለሩ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ዓይነት ስህተት በዚህ ሕግ ስር አይወድቅም፤ በዜሮ ማካፈልን የመሰሉት ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። በሕጉ ስር በሚወድቁት ላይ ግን ኮምፓይለሩ የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር ሲበላሽ ማን ነው መልስ የሚሰጠው?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ማሰብ ይፈልጋል። ኤዲተሮቹ ደግሞ ሰነፍ ወዳጅ ናቸው። ኤክሊፕስም ሆነ ኢንተሊጄ አይዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ብቅ ያሉ ናቸው። በአንደኛው ኮንትሮልና 1፣ በሌላኛው አልትና ኢንተር ሲጫኑ ሁለቱም መንገዶች ተጽፈው ይቀርባሉ፦ «ትሮውስ ልጨምር?» ወይስ «በትራይ-ካች ልክበበው?»። ለእጃችን ትልቅ ዕረፍት ነው። ጣጣው እጃችን ሲያርፍ ጭንቅላታችንም አብሮ ማረፉ ነው።

የራሳችን ጉድ

በ2014 ዓ.ም. ከመካከላችን ሁለታችን ገና ተማሪዎች ሳለን መርካቶ ውስጥ ላለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራን። የመጀመሪያ ክፍያችን ስለነበር ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሻጯ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን ሽያጩ እቃ ቤት ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደተቀመጠው ዳታቤዝ ይሄዳል፣ ከክምችቱ ላይ ይቀነሳል፣ እሷ ፊት ያለው ስክሪን «ተመዝግቧል» ይላል። ሐሳቡ እንዲህ ነበር።

ዳታቤዙን የሚያናግረውን መስመር ስንጽፍ ቀዩ መጣ። አምፖሏን ተጫንን፣ «በትራይ-ካች ልክበበው» የሚለውን መረጥን። ኤክሊፕስ የካቹን ሆድ ራሱ ሞላልን፦ ይህን ኤዲተሩ ነው የጻፈው፣ ገና ይቀረዋል የምትል አንዲት ማስታወሻ፣ ከስሯ ደግሞ የስህተቱን ዝርዝር የምታትም አንዲት መስመር። በኋላ እንመለስበታለን ተባባልን። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ፕሮግራሙን አስረከብን።

ያቺ መስመር ዝርዝሩን የምታትመው ኮንሶል ላይ ነው። እኛ ስንሞክረው ኤዲተራችን ስር በቀይ ቀለም እናየው ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ የሚከፈተው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ሁለቴ በመጫን ነው፤ ኮንሶል የሚባል ነገር አይታይም። ስህተቱ ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም። ከካቹ በኋላ ያለው ኮድ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል።

ከዕለታት አንድ ቀን የኔትወርኩ ገመድ ላላ። ግንኙነቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ሽያጩ ይመዘገባል፣ ሲሄድ አይመዘገብም። ስክሪኑ በሁለቱም ጊዜ «ተመዝግቧል» ይላል።

በወሩ መጨረሻ እቃ ሲቆጠር ኮምፒውተሩ 40 ካርቶን ወረቀት አለ አለ። መደርደሪያው ላይ የተገኘው 28 ነው። አብዛኛው ሽያጭ በዱቤ ስለሆነ ከገንዘቡ ተነስቶ ማጣራት አልተቻለም። እቃ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ተጠረጠረ። ባለቤቱ ደውለው «ልጆቼ፣ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፤ ማሽኑ ነው የሚዋሸው ወይስ ልጁ?» አሉን። እኛም ኮራ ብለን «ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም» አልናቸው።

ልጁ አራት ቀን ከሥራ ታግዶ ቤቱ ዋለ። ያዳነው የሻጯ ደብተር ነው። እሷ ኮምፒውተሩን ብዙም ስለማታምነው ዱቤውን ሁሉ በእጇ ጭምር ትጽፍ ኖሯል። ደብተሩና ዳታቤዙ ጎን ለጎን ሲታዩ 12ቱ ካርቶኖች አንድ በአንድ ተገኙ። ለደንበኞች ተሸጠዋል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን የሉም። ኮዱን ስንከፍተው ያቺ ማስታወሻ እንደተቀመጠች ነበረች።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ልጁ አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «ታዲያ ለምን ተመዝግቧል አለ?»

የምንመልሰው አልነበረንም።

እኛ ብቻ አይደለንም

ይሄ የተማሪ ስህተት ነው የሚል ካለ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡትን ጥናት ይመልከት። ካሳንድራን፣ ኤችቤዝን፣ ሬዲስንና መሰሎቻቸውን፣ ማለትም ትልልቅ ኩባንያዎች የሚተማመኑባቸውን ሲስተሞች ወስደው 198 ብልሽቶችን መረመሩ። ሲስተሙን ከባድ አደጋ ላይ ከጣሉት ብልሽቶች ውስጥ 92 በመቶው የመጡት ፕሮግራሙ ራሱ ያሳወቀውን ስህተት በአግባቡ ካለመያዝ ነው። 35 በመቶው ደግሞ በጣም ተራ የሆነ ጥፋት ነው፦ ካቹ ባዶ ነው ወይም መዝግቦ ከማለፍ ሌላ ምንም አይሠራም፣ ሁሉንም ዓይነት ስህተት በጅምላ ይዞ ሲስተሙን ያቆማል፣ ወይም ደግሞ «በኋላ ይስተካከል» የምትል ማስታወሻ ብቻ ተቀምጣበታለች።

ያቺ ማስታወሻ! የኛዋ እህት መሆኗ ነው።

ጮሆ መቆምም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓዋ ሮኬት አሪያን 5 በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሳች 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈነዳች። በአዳ ቋንቋ በተጻፈው ኮድ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁጥር ጠባብ ቦታ ላይ ሊሰፍር ሲል ኤክሰፕሽን ተነሳ፤ የሚቀበለው ስላልነበረ የአቅጣጫ ኮምፒውተሮቹ ሥራ አቆሙ። እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ ከተባሉት 7 ቁጥሮች 4ቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ነበር። 3ቱ በውሳኔ ተትተዋል። ውሳኔው ለቀድሞዋ ለአሪያን 4 ልክ ነበር፤ አዲሷ ሮኬት ስትመጣ ግን ማንም መልሶ አልጠየቀውም። እኛ ሳናስብ ዝም አሰኘነው፣ እነሱ አስበው ተዉት፣ በኋላ ግን ረሱት። የት ይያዝ፣ ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ባለቤት ይፈልጋል፤ አንዴ ተመልሶ የሚዘጋም አይደለም።

«ሕጉ ራሱ ነው ጥፋተኛው» ለሚሉ

ይህን ስንል የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የሲሻርፕ ቋንቋ ዋና ንድፍ አውጪ አንደርስ ሄልስበርግ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰጠው ቃለ ምልልስ የጃቫን ሕግ ተችቷል። አንድ ሜተድ ላይ አዲስ ኤክሰፕሽን ሲጨመር የሚጠሩት ሁሉ ይሰበራሉ፤ ሲስተሙ ባደገ ቁጥር ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ሰው ይሰለችና ባዶ ካች ይጽፋል ይላል። ለዚህም ነው ሲሻርፕ ሕጉን ያልወሰደው። ኢንተሊጄን የሠራው ጄትብሬንስ የፈጠረው ኮትሊንም አልወሰደውም።

ሰው ይሰለቻል የሚለውን እንቀበላለን። እኛው ራሳችን ምስክሮች ነን። ነገር ግን ኮትሊን ላይ ብንጽፈውም ገመዱ መላላቱ አይቀርም ነበር። ሕጉ ቢነሳ ጥያቄው አይነሳም፤ የሚጠይቀን ብቻ ነው የሚጠፋው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ጃቫ ቢያንስ በሽታውን እንድንደብቅ አይፈቅድልንም፤ ለመደበቅ አምፖሏን መጫን አለብን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አምፖሏን አንጥላት። እኛም ዛሬ ድረስ እንጠቀምባታለን፤ አጠቃቀማችን ግን ተለውጧል።

አንደኛ፣ ሲያጠራጥረን «ትሮውስ ጨምር» የሚለውን እንመርጣለን። ያን ጊዜ ቀዩ ከዚያ መስመር ይነሳና ሜተዱን ወደሚጠራው ይሄዳል። እዚያም «ትሮውስ» እንላለን፤ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ቀዩን ተከትለን ስንወጣ መልስ መስጠት የሚችለው ቦታ ላይ እንደርሳለን። በመርካቶው ፕሮግራም ያ ቦታ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ነበር፤ ምክንያቱም ከሻጯ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ካቹን እዚያ ጽፈን «አልተመዘገበም፣ ገመዱን እይው» ብንላት ኖሮ ልጁ ቤቱ ባልዋለ። ደረጃ በደረጃ መውጣቱ አሰልቺ ነው፤ ግን ኤዲተሩ ነው የሚጽፈው፣ እኛ የምናስበው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ኤዲተሩ ራሱ የሚሞላው የካች ሆድ ሊቀየር ይችላል። ኤክሊፕስም ሆነ ኢንተሊጄ ማስተካከያቸው ውስጥ የኮድ ቴምፕሌት የሚል ቦታ አላቸው። እኛ ስህተቱን አትሞ ዝም የሚለውን አጥፍተን፣ ዋናውን ስህተት አቅፎ መልሶ የሚወረውር አድርገነዋል። አሁን ብንረሳው እንኳ ፕሮግራሙ ይቆማል እንጂ «ተመዝግቧል» ብሎ አይዋሽም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ «ትሮውስ ኤክሰፕሽን» ብሎ በጅምላ ማሳወቅን ትተናል። «የሆነ ነገር ሊበላሽ ይችላል» የሚል ማስታወቂያ ለማን ይጠቅማል? ፋይሉ ነው? ዳታቤዙ ነው? ስሙን ለይተን እንጻፍ። ኤዲተሩ እዚህም ያግዛል፤ «ትሮውስ» ካለው ጎን የኤክሰፕሽኑን ስም ስንነካ ያንን ሊወረውሩ የሚችሉትን መስመሮች ቀለም ይቀባልናል። ምንም መስመር ካልተቀባ ማስታወቂያው አርጅቷል፤ ይነሳ።

አራተኛ፣ የባዶ ካች ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ እንደሆነ እናብራው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» አይደል ነገሩ?

ዛሬ ደግሞ

ዛሬ አምፖሏ ብቻዋን አይደለችም። ኤዲተሮቹ ውስጥ የገቡት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳቶች ሁለት ምርጫ ደርድረው አይጠብቁንም፤ ሙሉውን ትራይ-ካች ከነአስተያየቱ፣ ከነጨዋ የስህተት መልእክቱ ጽፈው ያቀርቡታል። አንዲት ቁልፍ ተጭነን መቀበል ነው። የድሮዋ ማስታወሻ ቢያንስ «ገና ይቀረዋል» ብላ ትናገር ነበር። አዲሱ ኮድ ያለቀ ይመስላል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ይበልጥ የምንሰጋው፤ አምሮ የተጻፈ ካችም የማይመለከተው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ያው ዝምታ ነው።

ፕሮግራመር ላልሆናችሁትም ያልነው ይሄንኑ ነው። የባንክ አፕ «ተልኳል» ሲላችሁ፣ የትኬት ሲስተም «ተይዟል» ሲላችሁ፣ ከዚያች ቃል ጀርባ አንድ ሰው በሁለት ሰከንድ የወሰነው ውሳኔ አለ። ገመዱ በላላ ቀን ያ ውሳኔ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። የኛው ያረፈው ኮድ የሚባል ነገር አይቶ በማያውቅ የእቃ ቤት ልጅ ላይ ነው።

እኛ አሁንም ቀይ ሲመጣ እጃችን ወደ አምፖሏ ይሮጣል። ከመጫናችን በፊት ግን የልጁን ጥያቄ እናስታውሳለን። ይሄ መስመር ቢከሽፍ ስክሪኑ ምን ይላል? መልሱን ካላወቅን አንጫንም።

እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ? እስኪ ዛሬ ኮዳችሁን ክፈቱና «በኋላ» ያላችኋቸውን ቁጠሩ።

ቸር እንሰንብት።