ከእሳቱ የራቀ ተራራ

ዛሬ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ልውሰዳችሁ።

ከሃዋይ ደሴቶች በትልቋ ላይ ኪላዌያ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በዘመናችንም ደጋግሞ የቀለጠ ዓለት ይተፋል። ከእርሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ በተጓዝን ቁጥር ግን ደሴቶቹ እያረጁና እያነሱ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ከውኃ በታች ይሰወራሉ። ከ80 በላይ የሆኑት እነዚህ እሳተ ገሞራዎች ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሰልፍ ሠርተው፣ መንገድ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፈው፣ እስከ ሩሲያዋ ካምቻትካ አጠገብ ይደርሳሉ።

ምክንያቱን ካናዳዊው ሳይንቲስት ቱዞ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 አቀረበ። እሳቱ ከጥልቅ የሚወጣው በአንድ ስፍራ ነው፤ የሚሄደው በላዩ ያለው የውቅያኖስ ወለል ነው አለ። ወለሉ ሲጓዝ በላዩ የተወለደውን ተራራ ተሸክሞ ይሄዳል። ከእሳቱ የተለየ ተራራ ይጠፋል፤ ወለሉም እየቀዘቀዘ ሲሰምጥ አብሮት ይወርዳል።

ፍጥነቱ ስንት ይመስላችኋል? በዓመት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ! በደሴቱ ላይ የሚኖር ሰው መሄዱ አይታወቀውም።

ወገኖቼ፣ ቤታችንስ እንዲሁ አይደለምን? ከጸሎት የራቀ ቤተሰብ “ከዛሬ ጀምሮ አንጸልይም” ብሎ አልወሰነም። አንድ ምሽት እንግዳ መጣ፤ ሌላ ምሽት ድካም ሆነ፤ ከዚያም ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ባልና ሚስትም ሳይጣሉ ይራራቃሉ። ትዳሩ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ተራራ ቆሟል፤ ውስጡ ግን ቀዝቅዟል።

ምሳሌው ግን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ኤምፐረር የተባሉትን ጥንታዊ የባሕር ውስጥ ተራሮች ቆፍረው በዓለቱ ውስጥ የቀረውን የመግነጢስ አሻራ መረመሩ። የእሳቱ ስፍራ ራሱ በጥንት ዘመን ወደ ደቡብ መጓዙንም ተረዱ። ቆሟል የተባለውም ሲሄድ ተገኘ! ከፍጥረት የማይለወጥ የለም፤ የማይለወጠው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ተራራ ወደ እሳቱ መመለስ አይችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ልጆቻችሁን ሰብስቡ። አንድ መዝሙር፣ ጥቂት ቃል፣ አጭር ጸሎት ይበቃል። የራቃችሁት በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ መመለሱ ግን በአንድ ምሽት ይጀምራል።

ጸጋው ከቤታችሁ አይለይ!