ቱርቦው ከመወቀሱ በፊት

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ ባለቱርቦ መኪና የሚሻ ገዢ በአብዛኛው የሚያገኘው ቀድሞ የገባውን ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ መኪና ዳገት ላይ እየለገመ ወደ አንድ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዥ ሲገባ፣ «ቱርቦው ሞቷል» የሚለው ፍርድ አንዳንዴ ምርመራውን ይቀድማል። ችኮላው ውድ ነው።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉድለቱን የሚያካክሰው ቱርቦው ነው። ስለዚህ የታመቀውን አየር ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ቢላላ ጉልበቱ ወዲያው ይከዳል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚያፏጭ፣ ናፍጣም ከሆነ ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና አስቀድሞ ቱቦውና የአየር ፊልትሮው ሊታዩለት ይገባል። ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል ከታዩ ግን ቱርቦውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

መለዋወጫ ሻጩም «ቱቦው ተፈትሿል?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ሽያጭ ያመልጠው ይሆናል፤ አዲስ ቱርቦ ገጥሞም መኪናው ያልተሻለው ደንበኛ ግን ገንዘቤን መልስ ብሎ ደጁ ላይ አይቆምበትም።