እህል አልወርድ ሲል

አዛውንት እህል አልወርድ ሲላቸው ቤተሰብ ቶሎ መላ ይፈልጋል። የማሽላው እንጀራ ደረቀባቸው ይባልና በወጥ ርሶ ይቀርባል። እሱ ሲያስቸግር ገንፎ፣ ገንፎው ሲያስቸግር አጥሚት ይሠራል። እሳቸውም «ጥርሴ ነው፣ እርጅና ነው» ይላሉ። ተወልጄ ባደግሁበት በቆቦና ከጎብየ እስከ ሮቢት ባለው የራያ ቆላ ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። ሁሉም ከፍቅር የሚደረግ ነው። ነገር ግን ከእንጀራ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ አጥሚት መውረድ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። ምግቡ በለሰለሰ ቁጥርም ምልክቱ ይሸፈናል።

ብዙዎቻችን «የጉሮሮ ካንሰር» የምንለው ይህንኑ ነው። የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጡንቻ ነው። የሚለጠጥ በመሆኑ ዕጢ ሲበቅልበት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ምግቡን ያሳልፋል። ስለዚህ እህል መቆም ሲጀምር ዕጢው ሰፊ ቦታ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው።

የአጎቴ ባለቤት «እዚህ ጋ ይቆምብኛል» እያሉ ደረታቸውን መሐል ለመሐል ያሳዩ ነበር። ጨጓራ ነው ተብሎ ኪኒን ይገዛላቸዋል። መቀነታቸው ወገባቸውን የሚዞርበት ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ሴት ልጃቸው ነቃች። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ግን ከጀመራቸው ስድስት ወር አልፎ፣ በሽታውም ወደ ጉበታቸው ተሰራጭቶ ነበር።

ጨጓራ በአብዛኛው ያቃጥላል እንጂ እህል አያቆምም። እህል የሚቆምበት፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለው፣ ድምፁ የሻከረ ወይም ደም የሚያስመልስ ሰው ኪኒን እየዋጠ መቆየት የለበትም። እንጥል ማስቆረጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ለደም መፍሰስና ለቁስል ይዳርጋል።

ምርመራው ኢንዶስኮፒ ይባላል። ታማሚው ሳይበላ ያድርና ጉሮሮው በመድኃኒት ይደነዝዛል። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ ገብቶ ቧንቧውን ያሳያል፤ ከተጠረጠረው ቦታም ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የናሙናው ውጤት ስለሆነ ሳይቀበሉ መቅረት አይገባም። ካንሰር ከሆነ በሽታው መሰራጨቱን ለማወቅ ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ ውጤት ነው። በሽታው ካልተሰራጨና የታማሚው አቅም ከፈቀደ፣ የታመመው የቧንቧ ክፍል በቀዶ ሕክምና ይወጣና ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ ይቀጠላል። ከዚያ በፊት ዕጢውን ለማሳነስ ኬሞቴራፒ ወይም ከጨረር ሕክምና ጋር ሊሰጥ ይችላል። ጨረር በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልል ከተሞችም ተጀምሯል።

በሽታው ከተሰራጨም ሐኪም የሚያደርገው አለ። የጠበበው ቧንቧ ውስጥ ስቴንት የሚባል መክፈቻ ቱቦ ይገባል፣ ወይም ምግብ በሆድ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚደርስበት ቱቦ ይደረጋል፤ ሕመሙንም የሚያስታግስ መድኃኒት ይታዘዛል። የአጎቴ ባለቤት ስቴንት ከገባላቸው በኋላ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ገበታ ቀርበው ፍትፍት በልተዋል። ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር።

ልጆች በሬ ሸጠው ወላጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፦ «ይህ ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ? ማስታገሻው ቅርብ ቦታ ይገኛል?» እንዲህ ብሎ መጠየቅ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። የቤተሰብ ጥሪት ያለ ጥቅም እንዳያልቅ፣ አዛውንቱም በማይረዳ መንገድ እንዳይንገላቱ ያደርጋል። ለአዛውንቱም እውነቱ አይደበቅ፤ ውሳኔው መጀመሪያ የእሳቸው ነው።

ከቆቦ የሚነሣ ሰው ከጤና ጣቢያ ወይም ከቆቦ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይሂድ። በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ይህን ደረጃ ሳይጠብቅ ከሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በሽታው ለምን ይመጣል? ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው መስመር ይህ ካንሰር በብዛት ይታያል። በአገራችን ጥናቶች በይበልጥ የሚያነሡት አርሲንና ባሌን ነው፤ እኛም ግን ከበሽታው ነፃ አይደለንም። ሲጋራና የአልኮል መጠጥ ለበሽታው እንደሚያጋልጡ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያለው መጠጥ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል አስታውቋል። ችግሩ ያለው ትኩሳቱ ላይ ነው እንጂ ቡናው ላይ አይደለም። አቦሉ ተቀድቶ ትንሽ ይቆይ፤ ገንፎውም ከነቅቤው ጋል እንዳለ አይበላ።

ዛሬ ማታ ገበታ ሲቀርብ አባትዎ ወይም እናትዎ እንዴት እንደሚውጡ ልብ ይበሉ። ጉርሻውን በውኃ የሚያወርዱ ወይም እንጀራውን ትተው መረቁን ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ በእርጋታ ይጠይቋቸው፦ «እማዬ፣ እህሉ ይቆምብዎታል እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?» ሁለት ሳምንት ካለፈው አጥሚቱን እየሰጡ፣ ጎን ለጎንም የሐኪም ቤቱን መንገድ ይጀምሩ።