ንባቡ ሳይጸና ክፍል የሚያልፍ ተማሪ

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውጤት በሚነጋገሩበት ጊዜ ጥፋቱ የመምህሩ ነው ይባላል፤ መምህሩም በበኩሉ ጥፋቱ የወላጅ ነው ይላል። እኛም እዚህ በድሬዳዋ፥ በሳቢያን ሰፈር፥ ይህን ክርክር ከሁለቱም ወገን ሰምተነዋል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ዳሩ ግን የሚከራከሩት ስለ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በሽታው የጀመረው ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ይመስለናል።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የኩረጃው በር ይዘጋ ዘንድ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት ከ890 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ከደጅ ቀርተዋል። ፈተናው ከበደ የሚሉ አሉ፤ እኛ የተሸፈነው ተገለጠ እንላለን።

የተሸፈነውስ ምን ነበር? በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሕፃናት ንባብ በተመዘነ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጡት የእነዚያ ሕፃናት ታናናሾች ናቸው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ሲደረግ ቆይቷል። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የወደቀ ሕፃን ትምህርቱን ትቶ እንዳይቀር፥ መምህሩም ዕለት ዕለት እየመዘነ ጉድለቱን እንዲሞላለት ነበር። ነገር ግን ለአንድ ክፍል ልክ ነው ከተባለው ከ50 በላይ ሕፃናት የታጨቁበት መምህር የማንን ንባብ ለይቶ ይሰማል? ማለፉ ቀረ፥ መመዘኑ ተረሳ።

በከተማችን ልጆች በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ መማር ይጀምራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በገዛ ቋንቋው ንባቡ ያልጸናለት ልጅ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ምን ያደርገዋል? ከሰሌዳው ይገለብጣል፥ ይሸመድዳል፥ በፈተና ቀን ግን ጥያቄው በሌላ አነጋገር ይመጣበታል። የሳቢያን የቀትር ሙቀት፥ የመምህሩ ደመወዝ ማነስ፥ የመጻሕፍት እጥረት፥ አሁን ደግሞ ከልጁ እጅ የማይለየው ስልክ፥ እነዚህም ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ማንበብ የሚችል ልጅ ከእነዚህ ጋር ይታገላል፤ የማይችለው የሚታገልበት መሣሪያ የለውም።

በዚህ ነገር የአብነት ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረን አለ። ሕፃኑ ሀሁን በተራ ከጨረሰ በኋላ የኔታ አቡጊዳን ያስቆጥሩታል፤ አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ። በየእርምጃው ፊደሉም ድምፁም ይለወጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሀሁን እንደ ዜማ በቃሉ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፥ ፊደሉን በዓይኑ የለየው ግን ያልፋል። ንባቡም እንዲሁ በየደረጃው ነው፤ ቁጥር፥ ግእዝ፥ ውርድ ንባብ፥ ቁም ንባብ። ልጁ ቁጥሩ ሳይጸና ዕድሜው ደርሷል ተብሎ ወደ ቁም ንባብ አይሻገርም። የኔታ ብቻቸውን ሁሉን መስማት ባይችሉ፥ ቀድሞ የተማረው ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ እያመሰገንን አይደለም። በአለንጋ የተማረረ ሕፃን ብዙ ነበር፤ ዳዊቱን እየደገመ የአንዱን መዝሙር ፍች የማያውቅም እንዲሁ። የዘመናዊው ትምህርት ቤት «ምን ተረዳህ?» ብሎ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ልጆቻችን ከአንዱ ጽናቱን፥ ከሌላው ማስተዋሉን ሳያገኙ መቅረታቸው ነው።

የክፍሉን ብዛት ወላጅ ሊቀንሰው አይችልም። ንባቡን ግን በቤቱ መስማት ይችላል። ከእራት በፊት ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይቅረብ። ከመጀመሪያው መስመር እንዲጀምር አትፍቀዱለት፤ ያንን በክፍል ከጓደኞቹ ጋር በኅብረት እያለ በቃሉ ይዞት ይሆናል። ከገጹ አጋማሽ አስጀምሩት፥ ሥዕሉንም በእጃችሁ ሸፍኑበት። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጅዋ ሲንተባተብና ሲገምት ትለየዋለች። አንብቦ ሲጨርስም መጽሐፉን ዘግታ «እንግዲህ ምን ይላል?» ትበለው። ዝም ካለ አትቆጣው፤ ነገ ማለዳ ወደ መምህሩ ትሂድ። ልጄ ስንተኛ ወጣ የሚል ወላጅ መምህሩ ብዙ አይቷል፤ «ልጄ ከገጹ አጋማሽ ማንበብ አልቻለም» የምትለውን እናት ግን ብዙ ጊዜ አላየም፥ እርስዋ ስትመጣም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።