የደንቆሮ ጫካ ደሴተኞች

ስለ ሩቅ ደሴቶች የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ትሪስታን ዳ ኩኛን ነው። ደቡብ አትላንቲክ መሐል፣ ከደቡብ አፍሪካ 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ250 ያነሱ ሰዎች ይኖሩባታል። አውሮፕላን አያርፍባትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሰው የማይኖርባት ቡቬ ደግሞ ትብሳለች፦ ቅርቧ የሚባለው የብስ አንታርክቲካ ነው፣ እሱም 1,700 ኪሎ ሜትር ይርቃታል። ይገርማል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከወግዲ በስተሰሜን፣ ቦረና ላይ ያለው ደሴት ነው።

በወረቀት የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ አገሬው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ጫካውን አልፈው ሲወጡ አስታው ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ጓሳና ጅብራ ነው። እዚያ ጓሳ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ አይጥ ከጉድጓዷ ብቅ እስክትል ትጠብቃለች። በዓለም የቀሩት ጎልማሶች ከ500 ያንሳሉ፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ። የተረፉት በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝ ጓሳ፣ በደላንታና እዚህ እኛ ዘንድ ተበታትነዋል።

አገሩ ብርድ በነበረበት በጥንቱ ዘመን ይህ ሣር ቁልቁል ወርዶ ተራራን ከተራራ ያገናኝ ነበር። ሙቀት ሲመጣ ሣሩ ወደ ላይ ሸሸ፣ ቀበሮዋም ተከተለችው። ገብሱና ድንቹ ከኋላ ደረሱ። አሁን ዙሪያዋን የከበባት ባሕር ማሳ ነው። እንደምንም የአባይን በረሃ ወርዳ ተሻግራ ጮቄ ብትደርስ እንኳ ዘመድ አታገኝም፤ የጮቄዎቹ አልቀዋል። የሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳም እንደዚያው።

ርቀት ከክፉ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ከትሪስታን በስተደቡብ ጎፍ የምትባል ደሴት አለች። በ19ኛው መቶ ዘመን በመርከብ የገባችው ተራ የቤት አይጥ ዛሬ የአልባትሮስ ጫጩቶችን በቁማቸው ትበላቸዋለች። ጫጩቱ በግዝፈት ከአይጧ ብዙ እጥፍ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ጠላት የት ያውቃል? ቁጭ ብሎ ይነከሳል።

ወደ እኛ ደሴት የሚወጣው እንግዳ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ይሻገራል፤ ባሌ ላይ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ባሌ ብዙ ስላለው ተረፈ። የቦረናውን ጥቂት መንጋ ግን አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል።

እረኛውን መውቀስ ቀላል ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮህለት ማን ነው ታዲያ? «ውሻችሁን አስወግዱ» የስብሰባ አዳራሽ ምክር ነው፤ ደጋ ላይ በግ ይዞ ያደረ ሰው አይናገረውም። የመንዝ ሰው ጓሳውን ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት ሲጠብቅ ውሻውን አልጣለም። ባሌ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

የኛው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የበግ ክትባት ይዞ ወደ ደጋው ቀበሌዎች መውጣቱ አይቀርም። የውሻውንም በዚያው ይያዝ፤ የሚወጣው ዳገት ያው አንድ ነው።