ሚሌ ላይ ጥላን ያለፈችው ዶዘር

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ የልማት ዜናዎችን ስናነብ አንዲት ሐረግ ደጋግማ አጋጠመችኝ፤ «ግንባታው በማሽነሪ እጥረት ምክንያት ተጓትቷል» የምትለዋ። ከእሷ ቀጥሎ ኃላፊው «ችግሩን ለመፍታት በትኩረት እየሠራን ነው» ይላሉ፣ ዜናውም እዚያው ላይ ያበቃል። ማሽኑ የት እንዳለ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ የለም። እኔ የጋዝጊብላ ልጅ ነኝና ያቺን ሐረግ እንደ ዋዛ ማለፍ አቃተኝ።

ጋዝጊብላን ለማታውቁ፣ በዋግ ኽምራ ያለ ደጋ ወረዳ ነው። ከአስከተማ ወጣ ካሉ ገደልና ዐለት ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት የቀበሌ መንገድ በዶማና በድጅኖ ተቆፍሯል፤ እናቴም ቆፍራለች። አፈሩ በእጅ ይነሳል፣ ዐለቱ ጋ ሲደረስ ሥራው ይቆማል፣ ክረምት ሲገባ የተቆፈረውን ጎርፍ ይወስደዋል። በ2003 ዓ.ም. ዩራፕ የተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ሲመጣ ሥራው በማኅበር ለተደራጁ ወጣት መሐንዲሶች ጭምር ተሰጠ። ልጆቹ ዲግሪ ነበራቸው፤ ማሽን ግን አልነበራቸውም። በሰዓት ይከራያሉ። አከራዩ ደግሞ ሜዳ ላይ ሥራ ሞልቶለት ሳለ ዶዘሩን በሎቤድ ጭኖ ዋግ ድረስ ምን ፈልጎ ይመጣል?

የእናቴ ወንድም የዶዘር ኦፕሬተር ናቸው። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ያላቸውን አዋጥተው፣ የቀረውን ተበድረው፣ ያገለገለች ዶዘር ከዱባይ ለማስመጣት ተነሡ። አዲሷን የሚገዛበት አቅም ያለው ማን ነው? ጀበል አሊ አካባቢ ከትልልቅ ፕሮጀክቶች የወጡ ካተርፒላሮችና ኮማትሱዎች በጨረታ ይሸጣሉ። «መግዛቱ እኮ ከሁሉም ቀላሉ ነበር» ይላሉ አሁን ሲያወሩት። ከዚያ በፊት የባንክ የዶላር ወረፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ፣ የወደብ ኪራይ፣ ሎቤድ ፍለጋ።

እስቲ ካርታ አውጡና ሚሌን ፈልጉ። ከጅቡቲ በጋላፊ የሚገባው መንገድ እዚያ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዋሽና ወደ መሀል አገር ይወርዳል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልድያ እያለ ወደ እኛ ይመጣል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ የአሰብ ወደብ ሳይዘጋብን፣ የወሎ ዕቃ የሚገባው በዚሁ በባቲ መንገድ ነበር። የአጎቴ ዶዘር ግን ሚሌ ላይ አልታጠፈችም። ትራንዚተራቸው የሚሠራው መሀል አገር ስለነበር ሰነዱም ዕቃውም ወደዚያው ነጎደ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። ቅርንጫፉ «ኢንቮይሱ ላይ ያለውን ዋጋ አንቀበልም» አለ፤ ተመሳሳይ ማሽን በዚህ ዋጋ ገብቷል ብሎ ከፍ ያለ ግምት አወጣ። እውነት ለመናገር ጉምሩክ የሚጠረጥረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀረጥ ለማሳነስ የዋጋ ደረሰኝ ዝቅ አድርጎ የሚያጽፍ አስመጪ ሞልቷል። ግን በጨረታ የተገዛ ማሽን የጨረታ ሰነድ አለው፤ ማጣራት ይቻላል። ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥር ነበር። በዚህ መሀል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ታክስ የሚሰላው ደግሞ የዶላሩ ዋጋ ወደ ብር ተመንዝሮ ነው። ለምሳሌ 50 ሺህ ዶላር የተገመተች ማሽን፣ ዶላሩ 57 ብር ሳለ 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ነበረች፤ 120 ብር ሲገባ 6 ሚሊዮን ሆነች። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻውን፣ ቀረጡን ሳንጨምር፣ ከ427 ሺህ 500 ወደ 900 ሺህ ብር ይዘላል። ማሽኗ ያው ማሽን ነች፤ አንድ ብሎን አልተጨመረባትም።

«ያገለገለ ዕቃ አገራችንን የቆሻሻ መጣያ ያደርጋታል» የሚሉ አሉ፤ በክፍላችንም ተከራክረናል። ለመኪና ከሆነ እስማማለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጠንከር ያለ ታክስ የጣለው ወዶ አይደለም። ዶዘር ግን መኪና አይደለችም። የጉምሩክ ታሪፉ ራሱ ዶዘርን፣ ግሬደርንና ኤክስካቫተርን ምዕራፍ 84 ውስጥ ከማሽኖች ጋር ነው ያስቀመጣቸው፤ መኪና ያለው ምዕራፍ 87 ነው። የዶዘር ዕድሜ በተሠራችበት ዓመት አይለካም፤ በሠራችው ሰዓት፣ በሞተሯና በሰንሰለቷ ሁኔታ እንጂ። አሥር ዓመት ሆኗት ትንሽ የሠራች አለች፤ በአራት ዓመት አልቃ ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነች አለች። እንግዲያው ከመጫኗ በፊት በባለሙያ ትፈተሽ፣ ሰዓት ቆጣሪዋ ይረጋገጥ፣ ሞተሯና ሰንሰለቷ ይታዩ። ያለፈችው ትግባ፣ የወደቀችው እዚያው ትቅር። የፍተሻው ወረቀት ለዋጋ ግምቱም ማስረጃ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ ኮምቦልቻ ነው። ደረቅ ወደብም የጉምሩክ ቅርንጫፍም አላት። ለወሎና ለዋግ የሚመጣ የመንገድ ማሽን ሚሌ ላይ ታጥፎ እዚያ ቢፈተሽ፣ እዚያ ቢገመት፣ እዚያ ቢለቀቅ ማን ይጎዳል? መሀል አገር የገባች ማሽን ሥራም እዚያው ታገኛለች፤ ተመልሳ ለመምጣት ሌላ ሎቤድ፣ ሌላ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋታል። የክልሉ መንገድ ቢሮም ሆነ የዞኑ ሰዎች ይህን ጠይቀው እንደሆነ ብናጣራ አንድ ጥሩ ዘገባ ይወጣናል። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለጠፋባችሁም በነጻ ሰጥቻችኋለሁ።

የአጎቴ ዶዘር በመጨረሻ ተለቀቀች። አሁን ከአዲስ አበባ ብዙም ሳትርቅ የሕንጻ ቦታ ትደለድላለች። ለትንሣኤ አገር ቤት ስንገናኝ «ጋሼ፣ መቼ ነው ወደ እኛ የሚያመጧት?» አልኳቸው።

«ዕዳዋን ስትጨርስ» አሉኝ።