ልጃችሁ ዜና ሲያዘጋጅ



ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ “እማዬ፣ ሚኒ ሚዲያ ገባሁ! ዓርብ ዜና የምናቀርበው እኛ ነን” ብሏችሁ ያውቃል? አብዛኞቻችን “ጎበዝ የኔ ልጅ” ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ “ትምህርቱን ያዘናጋው ይሆን?” ብለን እንሰጋለን። እኔ ግን ዛሬ አንድ ምሽት ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ያንን ዜና እንድታዩለት ልጠይቃችሁ። በዚያች በአምስት ደቂቃ ሥርጭት ውስጥ ስለ እውነትና ስለ ሰው ስም የሚማረው ነገር ብዙ ነውና።

መቼም ሚኒ ሚዲያን የማያውቅ ተማሪ የለም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ማይክሮፎን፣ አምፕሊፋየር፣ ግቢው ውስጥ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፤ በቃ ይኸው ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጋር ወይም በዕረፍት ሰዓት ይሰማል። ከግቢው አጥር ባያልፍም ሥራው የሬዲዮ ሥራ ነው። አድማጩ ጽሑፉን አያይም፤ ያመለጠውን መልሶ ማንበብም አይችልም። ያለው ጆሮው ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ዕቅድ

ጥሩ ዜና የሚጀምረው ከስብሰባ ነው። ልጆቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ተቀምጠው ሥራውን ይከፋፈሉ። አንዱ አዘጋጅ፣ ሁለትና ሦስቱ ዘጋቢ፣ አንዱ አንባቢ፣ አንዱ የድምፅ ባለሙያ፣ አንዱም ሰዓት ተቆጣጣሪ ይሁን። ልጃችሁ ዓይን አፋር ከሆነ ወይም ንግግር የሚከብደው ከሆነ “አንተ አይሆንልህም” አትበሉት። ጽሑፍ የሚያርመውና ሰዓት የሚይዘው ልጅ ከሌለ አንባቢው ብቻውን የትም አይደርስም።

ቀጥሎ የሚመጣው “ምን እንዘግብ?” የሚለው ነው። ልጆች ወዲያው ወደ ውጭ አገር እግር ኳስ ይሮጣሉ። እሱንማ ሁሉም በስልኩ አይቶታል። የቤተ መጻሕፍቱ የመክፈቻ ሰዓት መቀየሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ መቋረጡን፣ የፈተናው ፕሮግራም መውጣቱን ግን ከእነሱ በቀር ማን ይነግረዋል? “ይህ ዜና ለአድማጬ ምን ይጠቅመዋል?” ብሎ መጠየቅን ይልመዱ።

በዚህ ነገር አገራችን መልካም ምሳሌ አላት። አዲስ አበባ ውስጥ ብሥራተ ወንጌል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ጣቢያ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተወርሷል። ጣቢያው ሲመራበት የነበረው መርሕ ከሥርጭቱ 30 በመቶ ያህሉ የወንጌል ስብከት፣ 70 በመቶ ያህሉ ደግሞ ትምህርት፣ ዜናና ልዩ ልዩ መረጃ እንዲሆን ነበር። መሥራቾቹ ስለ ጤናና ስለ እርሻ በትክክል መናገርም ሰውን ማገልገል መሆኑን ተረድተው ነበር ማለት ነው። የውኃውን ዜና የያዘው ልጃችሁም ሥራውን እንዳይንቅ ይህን ንገሩት።

“ማን ነገረህ?”

ዘጋቢው ስድስት ጥያቄዎችን ይዞ ይውጣ፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? መልሱን ከሚመለከተው ሰው ራሱ ይስማ። ውኃው ስለ መቋረጡ የክፍል ጓደኛውን ብቻ ጠይቆ አይመለስ፤ ወደ አስተዳደር ቢሮም ይሂድ። የሰውን ስምና ማዕረግ ባለቤቱን ጠይቆ ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ በስልክ የሚቀዳ ከሆነ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልግ፤ “አዎ” ወይም “አይደለም” ተብሎ የሚያበቃ ጥያቄም አይጠይቅ። “ውኃው ተቋርጧል?” ከሚል “ውኃው የተቋረጠው በምን ምክንያት ነው?” ቢል የሚደመጥ መልስ ያገኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እንበልና በ8ኛ “ለ” ክፍል አንድ ስልክ ጠፋ። ተማሪው ሁሉ “የወሰደው እገሌ ነው” ይላል። ዜናው ትኩስ ነው፤ ልጆቹም ቶሎ ለማቅረብ ቸኩለዋል። እስቲ ልብ በሉ! ማን አየ? ልጁስ ተጠየቀ? ስልኩ ማታ ከባለቤቱ ቦርሳ ሥር ቢገኝስ? ያ ልጅ ስሙ በድምፅ ማጉያ ከተጠራ በኋላ በዚያ ግቢ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል? አባቶቻችን “ካፍ ከወጣ አፋፍ” ያሉት ለዚህ ነው። ይህን ጊዜ ቡድኑ ሊያቀርብ የሚችለው “በ8ኛ ለ ክፍል ስልክ ጠፍቷል፤ ያገኘ ሰው ለአስተዳደር ቢሮ እንዲያስረክብ ባለቤቱ ጠይቋል” የሚለውን ብቻ ነው። የተጠረጠረው ልጅ ስም በዜናው ውስጥ ቦታ የለውም። ሌላ ክስ ወይም ጭቅጭቅ ሲገጥማቸውም ቀድሞ የተናገረውን ብቻ አይመኑ፤ ሌላኛውንም ወገን ይስሙ፤ ለኃላፊው መምህርም ያማክሩ።

እኛ የወንጌል አማኞች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወንጌላዊው ሉቃስ መጽሐፉን ሲጀምር ነገሩን ከሥሩ ተከታትሎና መርምሮ እንደ ጻፈ ይናገራል። የምሥራቹን የጻፈ ሰው ይህን ያህል ከመረመረ የትምህርት ቤት ዜና ጸሐፊ ሮጦ ሁለተኛ ሰው ቢጠይቅ ምን ይበዛበታል?

ለጆሮ መጻፍ

ለዓይን የተጻፈ ነገር ጆሮ ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ። “ከላይ እንደ ተገለጸው” የሚባል ነገር በሬዲዮ የለም፤ አድማጩ ላይና ታች የለውም። ቁጥር አይብዛ። 1,987 ተማሪዎች ከማለት “ሁለት ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች” ማለት ይቀላል። ሰዓት ሲጠቅስም “ከጠዋቱ 2 ሰዓት” ብሎ ይለይ።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። “ገና” ሲላላ “ጊዜው አልደረሰም” ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። “ዋና” ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት፣ ሲጠብቅ አለቃው ነው። “ተማሪው ይመታል” የሚለውን እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። “መ” እና “ታ” ላልተው ከተነበቡ ልጁ መቺ ነው፤ ጠብቀው ከተነበቡ ተመቺ ነው። በፊደል ጥብቀት በዳዩና ተበዳዩ ቦታ ይለዋወጣሉ! ስለዚህ አንባቢው ወረቀቱን ቀድሞ ተቀብሎ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ፤ ትንፋሽ በሚወስድበትም ቦታ ጭረት ያስምር።

አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ ነው

ጊዜውን አስቀድሞ መመጠን ግድ ነው። የአምስት ደቂቃ ዜና እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል፦

• ሰላምታና አርዕስተ ዜና – 30 ሰከንድ
• አራት ዜናዎች፣ እያንዳንዳቸው 45 ሰከንድ – 3 ደቂቃ
• አንድ አጭር ቃለ መጠይቅ – 1 ደቂቃ
• የአርዕስቱ ድጋሚና ስንብት – 30 ሰከንድ

አንባቢው እያንዳንዱን ዜና ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ ሰዓት ተቆጣጣሪውም ይያዝለት። ከተረፈ የሚቆረጠው ከመጨረሻው ነው። ለዚህም ነው ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መቀመጥ ያለበት። ደወሉ ተደውሎ ተማሪው ወደ ክፍል ቢገባ እንኳ ዋናውን ሰምቶ ይሄዳል።

በሥርጭቱ ቀን ማይክሮፎኑ ቀድሞ ይሞከር። አንባቢው ከማይክሮፎኑ አንድ ጋት ያህል ይራቅ፤ ወረቀቱን አያንኮሻኩሽ፤ ገጹ በስቴፕለር አይያያዝ። ቃል ቢስት “ይቅርታ” ብሎ አስተካክሎ ይቀጥል እንጂ አይሳቅ። የቀረበው ዜና ስህተት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እርማቱ በሚቀጥለው ሥርጭት፣ በዚያው ሰዓት፣ በግልጽ ይነገር። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አድማጩ እንዲያምናቸው የሚያደርገው ይኸው ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ዜናውን እናንተ አትጻፉለት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጊዜ አድምጡትና “ምን ተረዳሁ?” የሚለውን ንገሩት። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ማን ነገረህ? ሌላ ማንን ጠየቅህ? ስሙ የተነሣው ሰው ይህን ቢሰማ “እውነት ነው” ይላል?

ታዲያ እነዚህ ጥያቄዎች ወደ እኛም ይመለሳሉ። ልጁ አንዲት ዜና ለማጣራት ሁለት ቀን ሲመላለስ እኛ ቡና ላይ የሰማነውን ለጎረቤት፣ በቴሌግራም የመጣልንን ለሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ የምናስተላልፍ ከሆነ ልጁ የቱን ይማራል? በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨትን በሕግ የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ሆኖም ልጆቻችን ከሕጉ በፊት የሚያዩት የእኛን አፍና የእኛን ስልክ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ከማስተላለፋችሁ በፊት ልጃችሁን ጠርታችሁ “እስቲ እንደ ዘጋቢ ሆነህ ይህን አጣራልኝ” በሉት። አብራችሁ ፈልጉ። ማረጋገጥ ካልቻላችሁም በፊቱ አጥፉት።

ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ እውነት የሚነገርበት ቤት ይሁን። ተባረኩ!